በማኅፀን ያለ ልጅ ስለሚጠጣው ውኃ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌ በኢትዮጵያ ባላገር ዘንድ የማይነገርበት ስፍራ የለም። አባቶች ይህን ሲናገሩ ጥሩ ውኃ ያሉት ያልደፈረሰውን፥ ሽታ የሌለውን፥ ከብት ያልረገጠውን፥ በጉሮሮ ሲወርድ የማይከብደውን ነው። ለዓይንና ለምላስ የሚገለጠውን ክፋት ለመለየት ብልሃታቸው በቂ ነበረ፤ ሰፈርም ሲመሠርቱ ከሁሉ አስቀድመው ምንጭ ይፈልጉ ነበረ። ነገር ግን ዓይን የማያየው ምላስም የማይቀምሰው ክፋት በጥሩ ውኃ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል፥ ይህም ክፋት ከጠጪዋ እናት ይልቅ ገና ባልተወለደው ልጅ ላይ እንደሚበረታ፥ ከተወለደም ከብዙ ዓመት በኋላ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ እንደሚገለጥ የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው።

ልጅ ፊደል አልገባው ሲል መምህሩ ምክንያቱን ከልጁ ስንፍና ይፈልጋል፤ ሽማግሌው ከዘር ወይም ከዓይነ ጥላ ይፈልጋል፤ ጎረቤትም ብዙ ጊዜ እናቲቱን ያማል። ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት ይህን ልጅ ፀንሳ ሳለች ከየትኛው ጉድጓድ ትቀዳ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ይህ ጥያቄ መጠየቅ የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነ በሌሎች አገሮች የደረሰው ነገር ይገልጠዋል። ከዚህ በታች የሚጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ፅንስ እንዴት እንደሚጠጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ልጅ በማኅፀን ሳለ የሚመገበው በአፉ አይደለም፤ በእትብቱ በኩል ከእንግዴ ልጅ ነው። የእንግዴ ልጅ እንደ ወንፊት ያለ ነው። የእናት ደምና የልጅ ደም እርስ በርሳቸው ሳይቀላቀሉ ምግብንና ንጹሕ አየርን ወደ ልጁ ያሳልፋል፥ የልጁንም እድፍ ወደ እናቱ ይመልሳል። ብዙ ክፉ ነገር ያግዳል፤ ሁሉን ግን አያግድም። ወንፊት እብቁን ሲይዝ ደቃቁን አፈር ከዱቄቱ ጋር እንደሚያሳልፍ ሁሉ፥ እርሳስ የሚባለው ከባዱ ማዕድንና አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ከምግቡ ጋር ያልፋሉ።

እርሳስ በተለይ ተንኰለኛ ነው። ሰውነት ካልሲየም ከሚባለው፥ በወተት ውስጥ ከሚገኘውና አጥንት ከሚሠራበት ማዕድን ለይቶ አያውቀውም፤ ስለዚህ በአጥንት ውስጥ አስገብቶ ያኖረዋል። ሴት በፀነሰች ጊዜ ደግሞ ሰውነቷ የልጁን አጥንት ለመሥራት ከገዛ አጥንቷ ካልሲየም ይበደራል፤ ከዚያም ጋር ከብዙ ዓመት በፊት የተቀመጠው እርሳስ ተነሥቶ ወደ ደሟ ይገባል። እንግዲህ እናቲቱ በልጃገረድነቷ የጠጣችው ውኃ እንኳ ለልጇ ይደርሰዋል ማለት ነው። በምግብ እጥረት ደሟ ያነሰ እናት ደግሞ እርሳስን ከሌላው አብልጣ ወደ ሰውነቷ ትስባለች፤ ድኃዪቱ በሁለት ወገን ትጐዳለች።

የልጅ አንጎል የሚሠራው በእነዚሁ ወራት ነው። ሕዋሳቱ ተወልደው፥ እያንዳንዱ ወደ ስፍራው ተጕዞ፥ ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዘው በዚያን ጊዜ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶው ጠሞ ከተተከለ በኋላ ግድግዳውን አሳምሮ ቢመርገው ምሰሶው አይቃናም። ለትልቅ ሰው ምንም የማይለው ጥቂት መርዝ ለፅንስ ብዙ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የውኃ ክፋት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሕይወት ያለው፥ ከሰውና ከከብት እድፍ የሚመጣ ተዋሲ ነው። ስለዚህ ብዙ ተጽፏል፤ ተቅማጥንና ኮሌራን የማያውቅ ሰው የለም። ለእርጉዝ ሴት ብቻ እጅግ የሚከፋ አንድ ምሳሌ ግን መጥቀስ ይገባል። በ1955 ዓመት መጨረሻ በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂ የከተማው እድፍ የሚፈስበት ውኃ ያሙና በተባለው ወንዝ ዳር ወደ ነበረው የመጠጥ ውኃ መቅጃ ገባ። ከ29,000 የሚበልጡ ሰዎች በወፍ በሽታ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ያ በሽታ ዛሬ ሄፓታይተስ ኢ የሚባለው እንደ ነበረ ኋላ ተመርምሮ ታወቀ። ይህ በሽታ ሌላውን ሰው አድክሞ ብዙውን ጊዜ ይተወዋል፤ በፀነሰች በመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች የያዛትን ሴት ግን ከመቶ እስከ 20 ወይም 25 ድረስ ይገድላል። ለዚህ ዓይነቱ ክፋት መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ውኃውን ማፍላት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ሕይወት የሌለው፥ በውኃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን ነው። የማይሞት ነገር ስለ ሆነ እሳት አይገድለውም። እንዲያውም ውኃው ሲፈላ እንፋሎቱ ይሄዳል፥ ማዕድኑ ግን በድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ አብዝቶ የፈላው ውኃ ካልፈላው ይልቅ የመረዘ ይሆናል። ማዕድንን በማፍላት የሚያስወግድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነውና ይህን ነገር መምህራን ደጋግመው ቢያስተምሩት ይጠቅማል።

ስለ እርሳስ የስኮትላንድ ከተማ የግላስጎው ታሪክ ግልጥ ምስክር ነው። ይህች ከተማ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ውኃዋ እድፋም ስለ ነበረ ኮሌራ በየጊዜው እየተነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችዋን ይፈጅ ነበረ። ስለዚህ በተራራ መካከል ካለው ከካትሪን ሐይቅ ውኃ እንዲመጣላት ታላቅ ሥራ ተሠራ፤ በ1859 ዓመትም ንግሥት ቪክቶርያ ራስዋ ተገኝታ መረቀችው። ውኃው እንደ ብርሌ የጠራ ነበረ፤ በ1866 ዓመት ኮሌራ እንደ ገና በአገሩ ሲነሣ ከግላስጎው የሞተው ሰው መቶ እንኳ አልሞላም። ከዚህ የበለጠ ምን በጎ ሥራ ይገኛል?

ነገር ግን የካትሪን ውኃ ለስላሳ ነው፤ ማለት ኖራ የለበትም፥ ትንሽም ወደ ኮምጣጣነት ያዘነብላል። እንዲህ ያለ ውኃ የእርሳስን ቧንቧ እየላሰ ይበላል። በግላስጎው ቤቶችም ቧንቧው እርሳስ ነበረ፤ በብዙ ቤትም ከጣራው በታች ውኃ የሚጠራቀምበት ገንዳ በእርሳስ የተለበጠ ነበረ። ሐይቁ ንጹሕ ሳለ መንገዱ መረዘው። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሆን ከተማይቱ ኮሌራን ስላመለጠች ደስ ብሏት ትኖር ነበረ።

በ1970ዎቹ ዓመታት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ አብርሃም ጎልድበርግና የሥራ ጓደኞቹ የሆኑ ሐኪሞች አእምሮአቸው ያልጐለመሰላቸውን 77 ሕፃናት በዕድሜና በሰፈር ከሚመሳሰሏቸው 77 ጤነኞች ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። እናቶቻቸው ፀንሰው ሳሉና ልጆቹ በተወለዱበት በመጀመሪያው ዓመት ወደ ኖሩበት ቤት እየሄዱ ውኃውን መረመሩ። የደካሞቹ ልጆች ቤት ውኃ ከጤነኞቹ ይልቅ ብዙ እርሳስ ተገኘበት፤ በአንድ ሊትር ውኃ ከ800 ማይክሮግራም በላይ በተገኘበት ቤት የአእምሮ ድካም የመድረሱ ነገር እጅግ ጨመረ። አንድ ማይክሮግራም አንድ ግራም ለሚሊዮን ሲከፈል የሚደርሰው እጅ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የሚፈቅደው 10 ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ በ1975 ዓመት ወጣ።

አንድ ተቃዋሚ ግን፦ ልጁ ደካማ ስለ ሆነ ከተወለደ በኋላ የቤቱን ቀለምና አፈር እየላሰ እርሳስ በልቶ ይሆናል እንጂ ከማኅፀን ያገኘው አይደለም፤ ሊል ይችላል። ክርክሩ ትክክለኛ ነው፤ ሐኪሞቹም መልሱን ያገኙት በሚያስደንቅ ስፍራ ነው። በዚያ አገር ሕፃን በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ በሽታ ለመመርመር ከተረከዙ ጥቂት ደም በወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፤ ወረቀቱም ተጠብቆ ይቀመጥ ነበረ። ሐኪሞቹ እነዚያን አሮጌ ወረቀቶች አስወጥተው የደረቀውን ደም መረመሩ። ሕፃኑ ገና መዳህ ሳይጀምር፥ ቀለም ሊልስ በማይችልበት ዕድሜ፥ ኋላ ደካሞች የሆኑት ልጆች ደም ከጤነኞቹ ይልቅ እርሳስ በዝቶበት ተገኘ፤ እርሱም እናቲቱ ፀንሳ ሳለች በቤቷ ከነበረው የውኃ እርሳስ ጋር የተያያዘ ሆነ። ይህ በ1977 ዓመት ታተመ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር ቀላል ነው። በ1978 ዓመት በከተማው ውኃ ላይ ኖራ ይጨመር ጀመር፤ ኮምጣጣነቱ ስለ ተወገደለት ውኃው እርሳሱን መብላት ተወ፤ በእናቶችም ደም ውስጥ የነበረው እርሳስ ቀነሰ። ለጥቂት ኖራ የሚሆን ገንዘብ ግን መቶ ዓመት ሙሉ ሳይወጣ ቀረ።

ለመንደር ሰው ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው የባንግላዴሽ ነገር ነው። ባንግላዴሽ ውኃ የሞላባት አገር ናት፤ ሕዝቡ ግን ከኩሬና ከወንዝ ስለሚጠጣ ሕፃናት በተቅማጥና በኮሌራ ያልቁ ነበረ። በ1970ዎቹ ዓመታት መንግሥቱና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በየመንደሩ ቀጭን ቱቦ ወደ ምድር እያስገቡ በእጅ የሚነቀነቅ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ሕዝቡም ጥቅሙን ባየ ጊዜ በራሱ ገንዘብ እያስቆፈረ በሚሊዮን የሚቆጠር ጉድጓድ ሆነ። ሴት ልጅ ስትዳር በባሏ ቤት ግቢ እንዲህ ያለ ጉድጓድ መኖሩ እንደ ክብር ይቈጠር ነበረ። ውኃው ከኩሬው ጋር ሲነጻጸር ቀዝቃዛና የጠራ ነው፤ ተዋሲም አልነበረበትም። መርማሪዎቹ ግን ስለ አርሴኒክ አልመረመሩትም።

ከሒማላያ ተራራ ወንዞች ጠርገው ባመጡት በዚያ አፈር ውስጥ ግን አርሴኒክ ነበረበት። አፈሩ አየር በሌለበት ጥልቅ ስፍራ ሲተኛ መርዙን ይዞት የነበረው የብረት ዝገት ይሟሟል፥ አርሴኒኩም ወደ ውኃው ይለቀቃል። በጎረቤት በሕንድ ክፍል፥ በምዕራብ ቤንጋል፥ ኬ. ሲ. ሳሃ የተባለ የቆዳ ሐኪም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደረታቸው እንደ ዝናብ ጠብታ የተነቈጠ፥ መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው እንደ ኪንታሮት የጠጠረ የገጠር ሰዎች አየና ምክንያቱ የጉድጓዱ ውኃ እንደ ሆነ ተረዳ። በባንግላዴሽ በጉድጓድ ውኃ ውስጥ አርሴኒክ መኖሩ የተረጋገጠው በ1993 ዓመት ነው። በ2000 ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው ጽሑፍ ለዚህ አደጋ የተጋለጠው ሕዝብ ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገመተ። አገሩ ያን ጊዜ 125 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበረው።

በቆዳ ላይ የሚወጣው ነጥብ ሥቃይ ብቻ አይደለም፥ ውርደትም ሆነ። ሕዝቡ የሥጋ ደዌ እየመሰለው ከበሽተኛው ይሸሽ ነበረ፤ ነጥብ የወጣባቸው ሴቶች ከባላቸው ቤት ወደ አባታቸው ቤት ይመለሱ ነበረ፤ ልጃገረዶችም ባል ያጡ ነበረ። ውኃውን ያስቆፈረው አማቷ ሳለ ጥፋቱ በምራቲቱ ላይ ይወድቅ ነበረ።

ስለ ፅንስ የታወቀው ከማትላብ ነው። ማትላብ በባንግላዴሽ ያለ የገጠር ወረዳ ነው፤ ዳካ ያለው ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታ ምርምር ማእከል ከብዙ ዓመት ጀምሮ በዚያ የሚወለደውንና የሚሞተውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል። መዝገብ መጠበቅ ምን እንደሚጠቅም የሚጠራጠር ጸሐፊ ቢኖር ይህን ይመልከት። ሊቃውንቱ ከ1991 እስከ 2000 ዓመት የተጻፉትን ከ29,000 የሚበልጡ እርግዝናዎች ከየቤቱ ጉድጓድ ጋር አስተያዩ። በአንድ ሊትር ከ50 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ ካለበት ጉድጓድ የጠጡት እናቶች ፅንስ የመጥፋቱ ነገር ከመቶ 14፥ ሕፃን የመሞቱ ነገር ከመቶ 17 ከሌሎቹ በለጠ።

በሕይወት የተወለዱትስ? በዚያው በማትላብ ሌሎች ሊቃውንት እናቶቻቸው ፀንሰው ሳሉ የተመረመሩላቸውን ልጆች እየተከተሉ ፈተኑ። በሰባት ወራቸው ሲፈተኑ ምንም ጉድለት አልታየባቸውም። በዓመት ከመንፈቅ ሲፈተኑም ምንም አልታየም። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ግን፥ ከ1,200 የሚበልጡት ልጆች በተፈተኑ ጊዜ፥ ብዙ አርሴኒክ ያገኛቸው ሴቶች ልጆች በቃልና በማስተዋል ፈተና ዝቅ ብለው ተገኙ፤ በወንዶቹ ላይ እንዲህ ግልጥ ሆኖ አልታየም። መምህር ይህን በጥብቅ ሊያስተውለው ይገባል። እናት ልጅዋን ስትድህ ስትቆም አይታ ደስ ብሏታል፤ ልጂቱ ወደ ትምህርት ቤት እስክትደርስ ድረስ ጉድለቱን የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ የሚያየው መምህሩ ነው፤ ስላየውም ነገር መጀመሪያ የሚፈርደው እርሱ ነው።

ነጥቡ ያነሰ ልጅ ሁሉ በመርዝ የተጐዳ ነው ማለት አይደለም። የውኃ ጉዳት አንድን ልጅ ነጥሎ የሚያሳይ ሳይሆን የመንደሩን ልጆች ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ የሚያደርግ ነው። ብልሁ ልጅ መካከለኛ ይሆናል፥ መካከለኛው ይዘገያል፥ ደካማው ትምህርቱን ይተዋል። ሁሉ አንድ ላይ ዝቅ ያለበት መንደር ደግሞ ራሱን ከማን ጋር አነጻጽሮ ያውቃል?

በባንግላዴሽ ከዚያ በኋላ አምስት ሚሊዮን የሚያህል ጉድጓድ ተመረመረ፤ አርሴኒክ የበዛበት ቀይ፥ የሚጠጣው አረንጓዴ ተቀባ። ቀይ የተቀባው 1.4 ሚሊዮን ያህል ሆነ። ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ጎረቤቱ አረንጓዴ ጉድጓድ ሄደ፤ ሌላው ግን ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ስለ ነበረ፥ ወይም ምራቲቱ ወደ ሌላ ሰው ግቢ መግባት ነውር ስለ ሆነባት፥ ከቀዩ መጠጣቱን አልተወም። ከዚህም የከፋ ነገር ሆነ፤ ቀዩን ጉድጓድ ትተው ወደ ቀድሞው ኩሬ የተመለሱ ሰዎች ሕፃናት እንደ ገና በተቅማጥ ሞቱባቸው። እንግዲህ ክፉውን ጉድጓድ መዝጋት ብቻውን ጥበብ አይደለም፤ መልካሙን ሳያሳዩ ክፉውን የሚዘጉ ሰዎች ሌላ ሞት ይከፍታሉ። በዚያ አገር መልካም ሆኖ የተገኘው እጅግ ጠልቆ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ መርዙ ያለበትን አፈር አልፎ ስለሚወርድ።

በደቡብ አሜሪካ በቺሊ አገር የሆነው ደግሞ ዘመኑን ለይቶ የሚያሳይ ነው። አንቶፋጋስታ የምትባለው ከተማ ዝናብ በሌለበት በአታካማ ምድረ በዳ ዳር ያለች ናት። በ1958 ዓመት ከተራራ ወንዞች ውኃ መጣላት፤ በውኃውም በሊትር 860 ማይክሮግራም የሚያህል አርሴኒክ ነበረበት። በ1970 ዓመት ማጣሪያ ተሠርቶ መርዙ ቀነሰ። በዚያ ደረቅ አገር የከተማይቱ ሰው የሚጠጣው ከአንድ ውኃ ስለ ነበረ፥ ሰውዬው የተወለደበትን ዓመት ብቻ በማወቅ በማኅፀን ሳለ ምን እንደ ጠጣ ይታወቃል። በ2006 ዓመት የታተመው ጽሑፍ እንደሚገልጠው፥ በ1958ና በ1970 መካከል የተወለዱት ሰዎች ከ30 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው በሳንባ ነቀርሳ የሞቱት ከሌላው የቺሊ ሕዝብ ስድስት እጥፍ ነው፤ የሳንባ ቧንቧ ሰፍቶ በሚመግልበት በሽታ የሞቱት ደግሞ 46 እጥፍ ነው። ውኃው ከተጣራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰዎቹም የጠጡትን አያስታውሱትም፤ ሰውነታቸው ግን አልረሳውም።

የነገሥትን መጽሐፍ የተማረ ሽማግሌ በዚህ ስፍራ የኢያሪኮን ምንጭ ያስታውስ ይሆናል፤ የከተማይቱ ሰዎች ለኤልሳዕ ያመለከቱት ውኃቸው ክፉ መሆኑንና የመጨንገፍ ምክንያት መሆኑን ነበረ። ውኃንና ፅንስን አያይዞ ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር መርዙ መመዘኑ ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ነገር ዘመድ የሆነው በስምጥ ሸለቆ ያለው ፍሎራይድ ነው። የሸለቆው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለ ሆነ በብዙ ስፍራ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ እጅግ የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። በወንጂ ስኳር እርሻ የኖሩ ሠራተኞች ጀርባቸው ደርቆና ጐብጦ እንደ ተገኙ ሐኪሞች በ1970ዎቹ ጽፈዋል። ጥቂት ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ግን ጥርስን ያበላሻል፥ አጥንትንም ያደርቃል። እርሱም የእንግዴ ልጅን አልፎ ወደ ፅንስ ይደርሳል። በ2017 ዓመት በሜክሲኮ 299 እናቶችና ልጆቻቸው ተመርምረው በእርግዝና ጊዜ በእናቲቱ ሽንት የተገኘው ፍሎራይድ በበዛ መጠን የልጁ የማስተዋል ነጥብ ዝቅ እንደሚል ታይቷል፤ እነርሱ ግን ፍሎራይዱን የሚያገኙት ከጨውም ጭምር ነበረ፤ ሊቃውንትም ስለ ልኩ ዛሬም ይከራከራሉ። በጥርስና በአጥንት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ግን ክርክር የለም።

በዚህ ነገር መምህሩ ያለ መሣሪያ ሊያነብበው የሚችል መጽሐፍ በፊቱ አለ፤ እርሱም የተማሪዎቹ ጥርስ ነው። የፊት ጥርስ የሚሠራው ልጁ በሕፃንነቱ ሳለ በድድ ውስጥ ስለ ሆነ፥ በዚያ ዘመን የጠጣው ፍሎራይድ ጥርሱ ሲበቅል እንደ ዝገት ሆኖ ይታያል። በመንደሩ ተወልደው ያደጉት ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ፥ ካደጉ በኋላ ከሌላ አገር የመጡት ግን ነጭ ሆኖ ቢገኝ ነገሩ ከመፋቂያ ማነስ አይደለም፤ ጉድጓዱ ይመርመር። እንዲህ ባለ ስፍራ እርጉዝ ሴትና ሕፃን ከዝናብ ከተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ወይም ፍሎራይዱ ካነሰ ምንጭ ቢጠጡ ይሻላል፤ ሁሉ ለማይበቃው ውኃ ልብስ ማጠቢያውና ከብት ማጠጫው ከአሮጌው ይሁን። ቡናም ቢሆን ከዚያው ውኃ የተፈላ እንደ ሆነ ማዕድኑ በጀበናው ውስጥ ነው።

በየቤቱ ያለውን ልማድ ደግሞ ሽማግሎች ቢያዩት ይገባል። የተጣራው ወይም ከሩቅ የመጣው ጥሩ ውኃ ለእንግዳና ለአባወራ ይቀመጣል፤ እንስራ ተሸክማ የመጣችው እርጉዝ ሴት ከወንዙ ዳር ጎንበስ ብላ ጠጥታ ትመጣለች፥ በቤትም የተረፈውን ትጠጣለች። ይህ ሥርዓት በሽማግሎች ቃል ሊገለበጥ የሚችል ነው፤ ሌላ ሰው ቢናገረው የሚሰማው የለም። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካንም ስንት ጊዜ ቢታጠብ የመጠጥ ውኃ ዕቃ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ መርዙን ጠጥቶ ቀስ በቀስ ይመልሰዋልና። እንዲህ ያለው ጀሪካን ከገበያ ርካሽ ሆኖ ስለሚገኝ ብዙ ቤት ገብቷል፤ ተበስቶ ቢጣል ይሻላል፥ ሳይበሳ የተጣለውን ሌላ ሰው ያነሣዋል።

አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር የአገር ሽማግሌ ውኃው መውጣቱን አይቶ መርቆ ከመመለሱ በፊት፥ የተዋሲው ብቻ ሳይሆን የማዕድኑ ምርመራ ተደርጎ እንደ ሆነ፥ ውጤቱም በቁጥር ምን እንደ ሆነ የወረዳውን የውኃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ። «ደኅና ነው» የሚል መልስ ቁጥር አይደለም። የመጣውም ቁጥር በትምህርት ቤቱ መዝገብ ከነቀኑ ይጻፍ፤ ሹማምንትና መምህራን ይዛወራሉ፥ መዝገቡ ግን ይቀራል።

ናሙና የሚወሰድ እንደ ሆነ እንዲህ ይደረጋል። ፓምፑ ጥቂት ደቂቃ ተነቅንቆ በቱቦው ውስጥ ያደረው ውኃ ይፍሰስ፤ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፥ ከዚያም እስከ አፉ ሞልቶ ይከደን። በላዩ የመንደሩ ስም፥ የጉድጓዱ ስም፥ ጥልቀቱ የሚታወቅ ከሆነ ጥልቀቱ፥ ቀኑና የቀዳው ሰው ስም ይጻፍበት። ከአንድ መንደር ሁለት ጉድጓድ ቢኖር ከሁለቱም ይወሰድ፤ በባንግላዴሽ ቀዩና አረንጓዴው ብዙ ጊዜ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ተገኝተዋልና።